አለሚቱን ከቀሚሶቿ ስሰፋት

ልብስ ሰፊ ሆኖ በጨርቅ ያልተጠረጠረ ሰው ካለ ይምጣና ይጨብጠኝ። ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር በፌስታል ቋጥሮ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሱን የተነቀለስ ሰው «ጥርሴን መልሱልኝ» ብሎ ይከራከራል? እኛ ዘንድ የመጣ ደንበኛ ግን ሱሪው ልኩ ይሁን አይሁን ሳያይ፣ ገና ከመስቀያው ሲወርድለት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ቁራጩስ?» ቁራጩ ምን ያደርግለታል? የመዳፍ ስፋት ያላት ጨርቅ ናት። ቤቱ ቢወስዳት ድስት ማውጫ እንኳ አትሆነውም። ሰውየው የሚፈልገው ጨርቋን ሳይሆን አለመበለጡን ነው። ይህም መብቱ ነው፤ ግን እንደዚያ ፊት ፊቴን እያየ ባይጠይቀኝ ምን ነበረበት?

የሚገርመው ደግሞ፣ ጠይቆ፣ አስወጥቶ፣ ቆጥሮ ካረጋገጠ በኋላ ቁራጩን እዚያው ትቶት ይሄዳል። በዚህ ዓይነት እኔ፣ ሰቆጣ ላይ በአንዲት ጠባብ በረንዳ በእግር የሚረገጥ የልብስ መኪናዬን ዘርግቼ ሃያ ምናምን ዓመት ስሰፋ፣ ከተማው ሁሉ ትቶልኝ የሄደው ቁርጥራጭ ሁለት ትልልቅ ማዳበሪያ ሞላ። ባለቤቴ ብርዛፍ በየዓመቱ ለዓመት በዓል ቤት ስታጸዳ ከረጢቶቹ ፊት ትቆምና አንድ ዓይነት ንግግር ታደርጋለች። ዋናው ሐሳቡ ወይ ጨርቁ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ የሚል ነው። እኔም ትንሽ አስቤ እመልስልሻለሁ እላታለሁ። እሷም ምኑን ነው የምታስበው ብላ ትቆጣለች። ትዳራችን እንዲህ ባለ ውይይት የዳበረ ነው።

አንድ ቀን እሷው ራሷ ስልኳን ይዛ መጣች። በስልኩ ውስጥ አንዲት የውጭ አገር ሴትዮ ከፊቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከምራ፣ አንዱን እንደ ቅጠል፣ አንዱን እንደ ቅርፊት እየቆረጠች ሌላ ጨርቅ ላይ ትለጥፋለች። ቋንቋዋ አልገባኝም፤ መቀስ አያያዟ ግን በደንብ ገባኝ። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ብጥስጣሽ አንድ ላይ ሆኖ ዓሣ ሆነ! ከዚያ በጥጥ ደግፋ፣ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አድርጋ፣ ዙሪያውን ቀምቅማ ብርድ ልብስ አደረገችው። ብርዛፍ ያሳየችኝ ጨርቁ ከቤት የሚወጣበት መንገድ ተገኘ ብላ ነው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጉልበትና ክርን ስለካ የኖርኩት ሰውዬ ለካ ሠዓሊ ኖሬያለሁ!

በሳምንቱ አውራ ዶሮ ሠራሁ። ጅራቱ ከተማሪ ዩኒፎርም፣ ክንፉ ከአንድ ቄስ ቀሚስ ትርፍ፣ ደረቱ ከሠርግ ሱፍ ነው። ከበረንዳዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና አድናቆት መጠበቅ ጀመርኩ። የመጣው ግን አድናቆት አይደለም። አንዱ ቆሞ ትክ ብሎ አየና «ይቺ ጭራ የልጄ ዩኒፎርም አይደለችም?» አለኝ። ቄሱም ክንፋቸውን ለዩ። እሺ፣ ይሁን፤ እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሌሎቹን ነው። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቀና ይልና «ሞላ ደግሞ ድሪቶ ጀመረ እንዴ?» ይላል።

ድሪቶ! ይህች ቃል እኛ አገር ቀላል ቃል አይደለችም። ቀሚስ ያልቃል፣ ይጠገናል፤ ጥገናው ያልቃል፣ እሱም ይጠገናል፤ በመጨረሻ የመጀመሪያው ቀሚስ የቱ እንደነበር ባለቤቲቱም አታውቀውም። ክፉ ዓመት ያለፈበት ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ለብሶታል፤ ለዚህም ነው ሁለተኛ ሊያየው የማይፈልገው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደርቦ ካየ፣ ዶሮ ይሁን ዓሣ ግድ የለውም፤ የሚታየው ማጣት ነው። እኔም በዚህ አልፈርድም። የእናቴን ቀሚስ አስታውሰዋለሁ።

እንዲህ ተስፋ ቆርጬ ዶሮዬን ላወርደው ባልኩበት ሰሞን፣ አያ ኪሮስ መጡ።

አያ ኪሮስ የፃግብጂ ገበሬ ናቸው። በገበያ ቀን ከመጡ እኔ ዘንድ ሳያርፉ አይመለሱም፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ብዙም ሳይናገሩ ውለው ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ግን አንድ ጆንያ ይዘው ገቡ። ዶሮውን አዩት። ቀርበውም በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይኼን አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉኝ።

እኔ ነኝ አልኳቸው፤ ድሪቶ ሊሉኝ ነው ብዬ እየተዘጋጀሁ።

«ዶሮ ከቻልክ፣ ሰው አትችልም?»

ጆንያውን ፈቱት። የባለቤታቸው የወይዘሮ አለሚቱ ልብሶች ናቸው። አለሚቱ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ልብሷን እንደ ደንቡ ለደሀ ሰጥተው፣ እነዚህን ግን እጃቸው አልፈታ ብሏቸው አስቀርተዋል፦ አንድ አረንጓዴ አበባ ያለው ቀሚስ፣ አንድ የሥራ ሰማያዊ፣ አንድ ቡናማ፣ አንዲት ቀይ ሻሽ፣ አንድ ነጠላ። አሁን ደግሞ ብቸኛ ልጃቸው እንጉዳይ ከፋሲካ በኋላ ለኒሯቅ ልጅ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው እዚያ አስተማሪ ነው። ኒሯቅ ሩቅ ነው። አያ ኪሮስ ያሰቡት እንዲህ ነው፦ ልጅቱ እናቷን ይዛ ትሂድ። ከእናቷ ልብስ እናቷን የመሰለች ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ ይሠራላት።

እስቲ ፍረዱ፤ ዶሮ ሠርቶ ክንፉን ቄስ የለዩበት ሰው ይህን እሺ ማለት ነበረበት? አልነበረበትም። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «ችግር የለም!» አልኩ። በሕይወቴ የገባሁባቸውን ችግሮች መለስ ብዬ ሳያቸው፣ አብዛኞቹ «ችግር የለም» ባልኩበት ቅጽበት የተጀመሩ ናቸው።

መልኳ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። አያ ኪሮስ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከዚያ «ሰው ነበረች» አሉኝ። ደግሞ አሰቡና «ቁጡ ነበረች፤ ግን ቶሎ ይበርድላታል» አሉ። ይህን በጨርቅ እንዴት አድርጌ ልቁረጠው? ፎቶ የለም ወይ ስላቸው ከጉያቸው የቀበሌ መታወቂያዋን አወጡ። ፎቶዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ በዚያች ላይ የቀበሌው ማኅተም ከግንባሯ ተነሥቶ አፍንጫዋን አቋርጦ ከንፈሯ ላይ አርፏል። ሥራ ወዳድ ማኅተም መቺ ነበር ማለት ነው።

የሆነው ሆኖ ተቀመጥኩ። ከቡናማው ቀሚስ ፊት ቆረጥኩ። ዓይን አደረግሁ፣ ቅንድብ አደረግሁ። አፍንጫ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ አፍንጫው ማኅተም ነዋ! የሰው አፍንጫ ጥላ በየት በኩል እንደሚወድቅ ለማወቅ መስተዋት አወጣሁና የራሴን እያየሁ ቆረጥኩ። ከንፈሩንም እንደዚያው። አገጩንም፣ ካነሣሁት አይቀር ብዬ፣ እንደዚያው። ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩና ብርዛፍን ጠራኋት። መጣች፤ አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሞላ» አለችኝ ትንፋሿን ስታገኝ፣ «ለካ ሻሽ እንዲህ ያምርብሃል!»

እውነቷን ነበር። ግድግዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ቀይ ሻሽ አስሬ፣ ትንሽ የደነገጥኩ እኔ። ሳላወርደው በማግስቱ አያ ኪሮስ ከተፍ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ብዙ ቆይተው ወደ እኔ ዘወር አሉና በትሕትና ጠየቁኝ፦ «ወንድሟ ነው?»

በዚያ ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ልደግመው መሆኔን ስነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። አትቸገር አሉኝ። ቁጭ አሉና ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ መሬት እያዩ እንዲህ አሉ፦

«እኔንም እኮ ይጠፋኛል፣ ልጄ። ድምፅዋን አገኘዋለሁ። ኮቴዋን አገኘዋለሁ። ፊቷን ግን፣ ልይዘው ስል ይሄዳል። በጨርቅ ከሠራኸው ይመለስልኛል ብዬ ነበር። ለልጄ ብዬ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለራሴ ነው።»

ምን ይባላል? በኋላ ብርዛፍ ናት መላ ያመጣችው። ልጅቱን ላኳት አለች፤ ሴት ልጅ እናቷን በሌላ ዓይን ነው የምታያት።

እንጉዳይ በሚቀጥለው ገበያ ቀን መጣች። አባቷን አትመስልም፤ ተናጋሪ ናት። ከመቀመጧ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያነሣች ታሪካቸውን ትነግረን ጀመር። አረንጓዴው የማርያም ዕለት የሚለበስ ነው፤ ሰማያዊው የእርሻና የውኃ ነው፤ ሻሿ አንድ ቀን ብቻ ታስራ ለሠርግሽ ትሆናለች ተብላ የተቀመጠች ናት። ስለ ፊቷ ስጠይቃት ግን የያዘችውን ቀሚስ አስቀመጠች።

«እናቴን ሳስባት የሚታየኝ ጀርባዋ ነው፣ አያ ሞላ» አለችኝ። «ገበያ ስንወርድ ሁልጊዜ ከፊት ከፊት ነው የምትሄደው። ዞር ብላ አታየኝም። ግን ከቤት ወጥተን እስክንደርስ ድረስ አፏ አያርፍም። በኽምጥኛ ትቆጣለች፣ በኽምጥኛ ታስቃለች፤ ገበያው አፋፍ ላይ ስንደርስ አማርኛዋን ከየት እንደሆነ አውጥታ ትለብሳለች። እየሰማኋት እንደሆነ እንዴት ታውቅ ነበር? እኔ እንጃ! ዝም ካልኩ ትቆማለች።»

እኔና ብርዛፍ ተያየን። ጀርባ! ጀርባ አፍንጫ የለው፣ ከንፈር የለው። በሙያ ያየሁት ጀርባ ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የሰቆጣን ሰው ጀርባ በሜትር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንጉዳይ አጠገቤ ተቀምጣ እያዘዘችኝ ቆረጥኩ። የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ጭነት የምትሸከመው በዚያ ነውና። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል ታደርገዋለች እንጂ አትከናነበውም። ሰማያዊውን ቀሚስ አለበስናት፤ ቀይዋን ሻሽ ከተጠቀለለ ፀጉሯ ላይ አሰርንላት፤ ነጠላዋን ከራሷ ነጠላ ቆርጠን ትከሻዋ ላይ ጣልን። አረንጓዴው ቀሚስ የክረምት ማሳ ሆነ፤ ቡናማው ተራራ። ከእኔ ማዳበሪያም ያላንዳች ጠያቂ ድንጋይ፣ ቁልቋልና ሰማይ ወጣ። መንገዱ ከታች ይነሣና እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አለሚቱ መሐሉ ላይ ናት፤ ወደፊት ትሄዳለች።

ሁሉንም መጀመሪያ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ጠርዝ በመኪና ዞርኩበት። ከሥሩ ባዘቶ ጥጥ አነጠፍኩ፣ ከባዘቶው ሥር አቡጀዲ። ሦስቱን አንድ ላይ ይዞ መስፋት ነው እንግዲህ የሥራው ሞት። ጥጡ ይሸሻል፣ የታችኛው ጨርቅ ይሸበሸባል፣ የሰው ወገብ ይቆረጣል። እኔ ግን የተራራውን ጥምዝምዝ እየተከተልኩ፣ መስመር ከመስመር አንድ ጣት እያራራቅሁ ሰፋሁት። ሲያልቅ ኮረብታው በየቦታው አበጥ አበጥ ብሎ የእውነት ኮረብታ መሰለ። ዙሪያውን በጥቁር ሰማያዊ ቀመቀምኩ። ብርዛፍ ይህን ጊዜ አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ የአለሚቱን ትከሻ በቀስታ ዳሰሰችና ወደ ጓዳ ገባች።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ነገር ግን የዱቄት ሙጫ ያለበት ጨርቅ እንደ ጣውላ ይገተራል፤ አይጥም ይጠራል። መታጠብ አለበት። አዲስ ቀለም ያለው ጨርቅ ከመታጠቡ በፊት ጠርዙን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ማየት እንደሚገባ ለደንበኛ ሁሉ የምሰብከው እኔ ነኝ። ለራሴ ግን ማን ይስበክልኝ? በሳፋ ሙሉ ውኃ ነከርኩት። ያቺ አንድ ቀን ብቻ የታሰረች፣ ውኃ አይታ የማታውቅ ቀይ ሻሽ የታፈነ ቀለሟን ሁሉ ለቀቀችው። ሳወጣው የአለሚቱ ነጠላ ከአንገቷ እስከ ግራ ትከሻዋ ሮዝ ሆኗል።

ብርዛፍ ተወው አለችኝ። በፀሐይ ደረቅ ሲል ይደበዝዛል፤ ካልደበዘዘም ሰው ነች፣ ትንሽ ሮዝ ብትሆን ምን አለበት አለች። አስተዋይ ሰው ይህን ይሰማል። እኔ ግን ብልሃተኛ ነኝ፤ እሷ ገበያ ስትሄድ በረኪና በጥጥ እየነከርኩ ሮዝዋን መጠራረግ ጀመርኩ። ሮዙ ወዲያው ለቀቀ! ነጠላው እንደ ወተት ነጣ! ለራሴ አጨበጨብኩ። በማግስቱ ጧት ላነሣው ስል፣ የነጣው ቦታ እንደ አመድ በእጄ ላይ ተበተነ። ከግራ ትከሻዋ ሥር መዳፍ የምታስገባ ቀዳዳ። ባዘቶው ከውስጥ ወጥቶ ያየኛል። ከዚያ ነጠላ ደግሞ የተረፈውን ሁሉ ደመና አድርጌ ስለጨረስኩት አንድም ቁራጭ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁራጭ ሰብስቤ፣ ቁራጭ የፈለግሁት ያን ቀን ነበር።

ሠርጉ አሥር ቀን ቀርቶታል። ያን ዕለት አያ ኪሮስ ከነልጃቸው መጡ። ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ ከመኪናው ሥር ሸጉጬ፣ ምን ብዬ እንደምዋሽ እያሰብኩ ሳለ፣ አያ ኪሮስ ራሳቸው ቀድመው አንገታቸውን ደፉ። ሳይቸግርህ አስቸገርኩህ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታላቅ ወንድማቸው ሰምቶ ተቆጥቷል። ለሙሽራ ድሪቶ ይሰጣል ወይ? አማቾቹ ምን ይላሉ? ልጅህን በቁራጭ ጠቅልለህ ሰደድክ አይሉም ወይ? ብሏቸዋል። ስለዚህ ይቅር፤ ከሱቅ አንድ ደህና ብርድ ልብስ እንገዛለን፤ ያንተን ልፋት እግዜር ይክፈልህ አሉኝ።

አያችሁልኝ? እግዜር መውጫ ላከልኝ! እንደተጠቀለለ ቢቀር፣ ቀዳዳውን እኔና ብርዛፍ ብቻ ይዘነው እንቀበር ነበር። አፌን ከፍቼ «እርስዎ እንዳሉ ይሁን» ልል ስል እንጉዳይ ቀደመችኝ።

«አባ፣ የእናቴ ልብስ ድሪቶ ከሆነ፣ እኔስ ከማን ጨርቅ ነው የተቆረጥኩት?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወደ እኔ ዞረችና «ያሳዩኝ» አለች።

ዘረጋሁት። ስዘረጋው ግን ቀኝ እጄን እንደ ዋዛ ቀዳዳው ላይ አሳረፍኩ። አየች፤ ተራራውን አየች፣ ማሳውን አየች፣ መንገዱን በጣቷ ተከትላ እናቷ ዘንድ ደረሰች። ከዚያ እጅዎን ያንሡ አለችኝ። ደክሞኝ ነው ያሳረፍኩት አልኳት። ያንሡ አለችኝ። አነሣሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳፋውን፣ በረኪናውን፣ ብልሃቴን። አንዲት ነገር አላስቀረሁም። እንጉዳይ ሁለት ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ ቆየች። መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ፤ ስመለከታት ግን ሳቁ እንባ ሆኗል። ቆይታ በክንዷ ፊቷን ጠረገችና መቀስ ጠየቀችኝ። የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች። ምን ልታደርጊ ነው ሳልላት ከዳሩ መዳፍ የምታህል ቆረጠች። አዲስ ነጠላ ነበር፤ እንደ ልብስ ሰፊ ውስጤ አለቀሰ።

እኔ ልስፋው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እምቢ አለች። ወደ ብርሃኑ ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታን አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ትሰፋ ጀመር። ምን ልበላችሁ፣ መርፌ አያያዟ እንደ ማንኪያ ነው። አንዱ ስፌት ጣት ያህላል፣ ቀጣዩ እንደ ስንዴ ፍሬ፤ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው መንገድ ጠፍቶት ይመለሳል። በየመሐሉ እጄ ብቻውን ይዘረጋል፤ ዞር ሳትል «ይተዉት፣ አያ ሞላ» ትለኛለች። እየሰፋችም ታወራለች። ስለ ሠርጉ፣ ስለ አጎቷ፣ ስለ ኒሯቅ ሙቀት፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኽምጥኛ፤ አንዴ አባቷን ትቆጣለች፣ አንዴ ታስቃለች። አንገቷን አላዞረችም፤ ግን አባቷ ዝም ባሉ ቁጥር መርፌዋ ይቆማል።

አያ ኪሮስ ጀርባዋን ያያሉ። ዱላቸውን ጨብጠው ጀርባዋን ብቻ ያያሉ። ከዚያ ተነሡና ወደ በረንዳው ጫፍ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ነበር።

«መጣች» አሉኝ። «ፊቷ መጣልኝ።»

ሲሄዱ ብርድ ልብሱን በጆንያ ሳይሆን በትከሻቸው አድርገው፣ ሥዕሉን ወደ ውጭ ገልጠው፣ በገበያው መሐል ነው ይዘውት ያለፉት።

ሠርጉ ላይ ተጠርተን እኔና ብርዛፍ ፃግብጂ ወጣን። ዳሱ ሞልቷል፤ የኒሯቅ ሰዎች በክብር ተቀምጠዋል። ከምግቡ በኋላ ለሙሽራዪቱ የተሰጣት ዕቃ አንድ በአንድ ይቀርብ ጀመር። ብርድ ልብሱ ሲወጣ የሙሽራው አክስት፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ ዓይናቸው ምንም የማያመልጠው ሴት፣ ወደ እኔ አምጡት አሉ። የእንጉዳይ አጎት ፊቱ ጠቆረ። አያ ኪሮስ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አክስቲቱ ዘረጉት። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ይቺ ሴት ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁ።

አያ ኪሮስ ድምፃቸውን ጠረጉ። «እናቷ ናት» አሉ። «ወደ እናንተ ነው የምትሄደው። ልጇን ይዛ ነው።»

ከሴቶቹ ወገን አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አክስቲቱ ግን ገና አልጨረሱም። ብርድ ልብሱን ገለበጡት። የታችኛውን ስፌት ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ቅምቅማቱን በጥፍራቸው ፈተሹ፤ ማዕዘኑን ሳብ አደረጉ። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ የፈተሸኝ ሰው የለም። ከዚያ ቀና አሉ።

«ዋይ! ከሩቅ ነው ያስመጣችሁት። ይኼ የፋብሪካ ነው፤ ሰው እንዲህ እኩል አድርጎ አይሰፋም!»

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። አጎትየው ወገቡን ቀና አደረገ፤ ራሱ ያስመጣው ይመስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየ። እኔ ከተቀመጥኩበት ግማሽ ተነሥቼ ነበር። ከማዶ አያ ኪሮስ አዩኝ። ዓይናቸው ይለምነኛል፤ እባክህ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ፋብሪካ ሁንልኝ ይላል። ብርዛፍም የኮቴን ጫፍ ከኋላ ጎተተች። ቁጭ አልኩ።

አክስቲቱ እንደገና ሥዕሉን ሲያገላብጡ ያቺን ጠማማ ጥገና አገኟት። ጣታቸውን ስፌቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሱና ፊታቸው በራ። ይቺን ግን ሰው ሰፍቷታል አሉ፤ የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ። የሙሽራዪቱ ነው ተባሉ። ያን ጊዜ ቆመው ነው እልል ያሉት። እጇ የተባረከ፣ ባለሙያ፣ ከዚህ ሁሉ የማሽን ሥራ ይቺ ብቻ ነፍስ አላት፤ ኒሯቅ ታደለች አሉ። እንጉዳይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች፤ ሙሽራ አትናገርም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰች ነው ብለው ያዘኑላት ነበሩ፤ እኔ ግን ጀርባ አውቃለሁ፤ በእኔ እየሳቀች ነበር።

ነገሩ በዚህ ባበቃ። ግን በአጠገባችን የተቀመጠ አንድ ደግ ሰው፣ ተረስቼ እንዳልቀር አስቦ መሆን አለበት፣ ለአክስቲቱ «እኝህ ደግሞ የሰቆጣ ልብስ ሰፊ ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። አክስቲቱ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ከጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፊታቸው በእውነተኛ ኀዘን ተሞላ።

«አይ ልጄን!» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ከውጭ እየገባ፣ እናንተ ከእንግዲህ ምን ትበላላችሁ?»

ይህን ብለው ከፊታቸው ካለው ሥጋ ትልቁን መርጠው፣ በእንጀራ ጠቅልለው፣ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ምን ላድርግ? ጎረስኩ።